ብርቱካን የማን ልጅ ነው? ስለ ብርቱካን፣ ሎሚና ትርንጎ ጂኖም

ቅጠልያ

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ቡና ጂኖም (የተክሉ ሙሉ የዲኤንኤ ጽሑፍ ማለት ነው) ስናወራ አንዳችሁ «ብርቱካንስ?» ብላችሁ ነበር። መልሱ ረዘም ስለሚል ለብቻው ከፈትኩት። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዋናውን ላስቀድም። ብርቱካን በዱር የተገኘ ፍሬ አይደለም። ሎሚም፣ ግሬፕፍሩትም እንደዚያው። ሁሉም ዲቃላዎች ናቸው። ጥንታዊዎቹ ወላጆች ጥቂት ናቸው፤ መንደሪን፣ ፖሜሎ፣ ትርንጎና ፓፔዳ የሚባለው የእስያ የዱር ዘመድ። ፖሜሎን ለማታውቁት፣ ልጣጩ ወፍራም የሆነ፣ ከግሬፕፍሩት የሚተልቅ ፍሬ ነው። ገበያ ላይ የምናየው አብዛኛው የእነዚህ የአራቱ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው።

ይሄ ቀድሞም ይጠረጠር ነበር። በቅጠልና በአበባ መልክ ብቻ ግን ማረጋገጥ አይቻልም። ነገሩ የለየለት ዲኤንኤው ሲነበብ ነው። በ2013 ቻይና ዉሃን ከተማ ያለው የሁዋጆንግ ግብርና ዩኒቨርሲቲ የቫሌንሺያ ብርቱካንን ጂኖም አወጣ። 9 ጥንድ ክሮሞዞም፣ ከ29,000 በላይ ጂን። በ2014 የአሜሪካ፣ የስፔን፣ የጣሊያን፣ የፈረንሳይና የብራዚል ተመራማሪዎች መንደሪንን፣ ፖሜሎንና ብርቱካንን ጎን ለጎን አነጻጸሩ። በ2018 ደግሞ ኔቸር መጽሔት ላይ 60 ናሙና የያዘ ትልቅ ጥናት ወጣ። የዘመዶቹ ሁሉ መነሻ ከሂማላያ ተራሮች ደቡብ ምሥራቅ ግርጌ ያለው አገር እንደሆነ ያስረዳል፤ አሳም፣ ሰሜን ሚያንማር፣ ምዕራብ ዩናን። ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ዓመት በፊት የዝናቡ ወቅት ሲዳከም በፍጥነት ተለያዩ። አንዱ ወገን ባሕር ተሻግሮ አውስትራሊያ ገባ።

ቤተሰቡ እንዲህ ነው። ኮምጣጣ ብርቱካን እናቱ ፖሜሎ፣ አባቱ መንደሪን ነው። ሱፐርማርኬት ያለው ትልቁ ቢጫ ሎሚ ደግሞ የኮምጣጣ ብርቱካንና የትርንጎ ልጅ ነው። እኛ ቤት የምንጨምቃት ትንሿ፣ ልጣጯ ስስ የሆነችው ሎሚ ሌላ ናት፤ እናቷ ፓፔዳ፣ አባቷ ትርንጎ። ግሬፕፍሩት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባርቤዶስ ደሴት ላይ ፖሜሎና ብርቱካን ተዳቅለው የተገኘ ነው። የእናትና የአባት ነገር የሚታወቀው ክሎሮፕላስት፣ ማለትም ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው የሕዋስ ክፍል፣ የራሱ ዲኤንኤ ስላለው ነው። እሱ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው።

ጣፋጩ ብርቱካን ግን ያስቸግራል። የኮምጣጣው ጂኖም ላይ የትኛውንም ቦታ ብታዩ፣ ካሉት ሁለት ቅጂዎች አንዱ ከፖሜሎ፣ ሌላው ከመንደሪን ነው። ጣፋጩ ላይ ሁለቱም ቅጂ ከመንደሪን የሆነበት ቦታ አለ፤ ሁለቱም ከፖሜሎ የሆነበትም አለ። ስለዚህ ወላጆቹ ራሳቸው ቀድመው የተደባለቁ ነበሩ ማለት ነው።

የአዋሽ_ልጅ

ቅጠልያ እናመሰግናለን። እኔ ያደግኩት መርቲ አካባቢ ነው። እዚያ ስለ ብርቱካን ሲወራ ቫሌንሺያ፣ ሃምሊን፣ ዋሽንግተን ኔቭል፣ ጃፋ ይባላል። ሃምሊን ቶሎ ይደርሳል፣ ቫሌንሺያ ይዘገያል፣ ኔቭል እምብርት አለው፤ ውስጡ ዘር የለም። እና እነዚህ የተለያዩ ዲቃላዎች ናቸው? እያንዳንዳቸው ለየብቻ የተዳቀሉ?

ቅጠልያ

አይደሉም። እኔ ይሄን ክር የከፈትኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጣፋጩን ብርቱካን የፈጠረው መዳቀል የተከሰተው አንዴ ነው። ከዚያች አንዲት ዛፍ ነው ሁሉም የተባዙት። ልዩነቱ የመጣው ከቅርንጫፍ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ጥቂት የዲኤንኤ ፊደል በራሱ ጊዜ ይቀየራል። ገበሬው ለየት ያለ ፍሬ ያያል። ቅርንጫፉን ቆርጦ ሌላ ግንድ ላይ ግራፍት ያደርገዋል፤ አጣብቆ ያበቅለዋል ማለት ነው። አዲስ ዝርያ ተገኘ ይባላል።

ኔቭል ብራዚል ባሂያ ውስጥ የተገኘው እንደዚህ ነው። በ1870 ወደ ዋሽንግተን ተላከ፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ኤሊዛ ቲቤትስ የምትባል ሴት ካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ላይ ተከለችው። ከእነዚያ ዛፎች አንዱ ዛሬም አለ። ነፍሳት እንዳይደርሱበት በመረብ ሸፍነውታል። ዘር ስለሌለው በዓለም ላይ ያለው ኔቭል ሁሉ በቅርንጫፍ የተባዛ ነው።

ስለዚህ መርቲ ያለው፣ ፍሎሪዳ ያለው፣ ስፔን ያለው ብርቱካን ከሞላ ጎደል አንድ ዛፍ ነው፤ የአንዱ ፎቶኮፒ። አንዱን የሚጥል በሽታ ሁሉንም ይጥላል። ጂኖሙ ከነገረን ነገር ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

አባ_ጓሮ

ልጄ ቅጠልያ፣ ተባረኪ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቢሾፍቱ ጓሮዬን ነው የምጠብቀው። አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። የብርቱካን ዘር ስተክል ከአንዷ ዘር ሁለት ሦስት ችግኝ ይወጣል። ሲያፈራም እንደ እናቱ ነው። ከትርንጎ ዘር ግን አንድ ችግኝ ብቻ ነው የሚበቅለው፤ ፍሬውም አንዳንዴ ይለያል። ሰው ሁሉ «ከዘር የበቀለ እናቱን አይመስልም» ይለኛል። ብርቱካኑ ለምን መሰለ?

ቅጠልያ

አባባ፣ ያዩት ትክክል ነው። ብርቱካን ዘሩ ውስጥ ከአበባ ዱቄት ጋር ሳይገናኝ፣ ከእናቱ አካል ብቻ ጽንስ ያበጃል። አንዳንዴ ብዙ ጽንስ በአንድ ዘር ውስጥ ይሆናል። ለዚህ ነው ሁለት ሦስት የሚወጣልዎት። እነዚያ ችግኞች ልጆች አይደሉም፤ እናቲቱ ራሷ ናቸው። ግሬፕፍሩትና ብዙው መንደሪንም እንደዚሁ ነው። ፖሜሎና ትርንጎ ግን ይሄ ጠባይ የላቸውም። የእነሱ ዘር የእናትና የአባት ልጅ ነው፤ ስለዚህ ሊለያይ ይችላል።

ግራፍት ከተደረገው ይልቅ ከዘር የበቀለው ለማፍራት ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ እሾኩም ይበዛል። ፍሬው ግን ያው ነው።

ዳታ_ሰው

እዚህ ላይ ልጨምር። ይሄ ጠባይ ከየት እንደመጣ የታወቀውም በጂኖም ነው። በ2017 እዚያው ዉሃን ያለው ቡድን ብዙ ጽንስ የሚያበጁትንና የማያበጁትን ዛፎች አነጻጸረ። ልዩነቱ አንድ ጂን አጠገብ የገባ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ሆኖ ተገኘ። ቁራጩ ካለ ዛፉ በዘሩ ራሱን ይደግማል። ከሌለ አይደግምም።

ለአዳቃይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ብርቱካንን እናት አድርገህ ስታዳቅል አብዛኛው ችግኝ ድጋሚ እናትየዋ ይሆንብሃል። ዓመታት ጠብቀህ ፍሬ ስታይ ምንም አዲስ ነገር የለም። አሁን ግን ችግኙ ገና ትንሽ ሳለ ቅጠሉን መርምረህ እውነተኛውን ዲቃላ መለየት ትችላለህ። ሌላውን ትነቅላለህ። መሬትም ጊዜም ይተርፋል።

ተስፋ_ነኝ

ሁላችሁም ጥሩ ነገር ነው የምትጽፉት። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰሞኑን ገበያ ወጥታችሁ ብርቱካን ጠይቃችኋል? ዋጋው አይቀመስም። ድሮ ሰው ታሞ ስንጠይቅ ብርቱካን በፌስታል ይዘን ነበር የምንሄደው። ዛሬ ያንን ማን ይችላል? በዚህ ሰዓት የፍሬ ዲኤንኤ ማንበብ ለማን ነው የሚጠቅመው? ገንዘቡ ለችግኝና ለመስኖ ቢውል አይሻልም?

ሃኪም_ተክል

ተስፋ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን ብርቱካኑ የጠፋበትን ምክንያት እንይ። ያረጁ ዛፎች አሉ፣ የነፍሳት ወረራ አለ፣ የቅጠልና የፍሬ ነጠብጣብ በሽታ አለ። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ግሪኒንግ መጣ። በቻይንኛ ስሙ ሁዋንግሎንግቢንግ ይባላል።

በሽታውን የሚያመጣው ሊቤሪባክተር የተባለ ባክቴሪያ ነው። የሚያስተላልፉት ሲሊድ የሚባሉ ደቃቅ ነፍሳት ናቸው። ባክቴሪያው የአፍሪካና የእስያ ዓይነት አለው። የአፍሪካው ዓይነት ቀዝቀዝ ያለ ደጋ ይወዳል። የእስያው ቆላውንም ይችላል፤ ጉዳቱም የከፋ ነው። የአፍሪካዋ ሲሊድ ሳይንሳዊ ስሟ ትሪዮዛ ኤሪትሪዬ ነው። በ1918 ለሳይንስ የተመዘገበችው ከኤርትራ በተገኘ ናሙና ስለሆነ ነው። ማለትም ይህች ነፍሳት የአካባቢያችን ናት።

አሁን ከባዱን ልንገርህ። በ2010 የእስያው ባክቴሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ በብርቱካን ዛፍ ላይ መገኘቱ ታተመ። በ2019 ደግሞ ያንኑ የእስያ ባክቴሪያ የአፍሪካዋ ሲሊድ በሜዳ ላይ ተሸክማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘች። የውጭው በሽታ የአገር ውስጥ ተሸካሚ አገኘ ማለት ነው።

ፍሎሪዳን ተመልከት። በ2003-04 ወቅት ወደ 242 ሚሊዮን ሳጥን ብርቱካን ታመርት ነበር። ግሪኒንግ በ2005 ተገኘባት። ዛሬ ምርቷ ከ20 ሚሊዮን ሳጥን በታች ነው። አውሎ ነፋሱም ተጨምሮበታል፤ ዋናው ግን በሽታው ነው። ገንዘብ ሳይጠፋ፣ መስኖ ሳይጠፋ፣ ችግኝ ሳይጠፋ።

ጂኖሙ ምን አደረገ ብትል፣ ባክቴሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ አልበቅልም ብሎ ያስቸገረ ነው። በ2009 ተመራማሪዎች ከአንዲት የታመመች ሲሊድ ዲኤንኤ ወስደው የባክቴሪያውን ሙሉ ጂኖም አወጡ። 1.2 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ነው። ስለ ጠባዩ ዛሬ ከምናውቀው ብዙው የመጣው ከዚያ ነው። ምርመራውም ራሱ የዲኤንኤ ሥራ ነው። ዛፉ ዓይን ላይ ከመክሳቱ በፊት የባክቴሪያውን ምልክት ቅጠሉ ውስጥ የሚፈልገው ምርመራ የቆመው በተነበበ ዲኤንኤ ላይ ነው።

የአዋሽ_ልጅ

ሃኪም፣ እኛ ሰፈር ቅጠል ቢጫ ሲሆን «ማዳበሪያ አንሶት ነው» ነው የሚባለው። በዓይን መለየት ይቻላል?

ሃኪም_ተክል

በከፊል። የዚንክ እጥረት ከሆነ ቢጫው በቅጠሉ መሃል ደም ሥር ግራና ቀኝ እኩል ነው። ግሪኒንግ ከሆነ የተዘበራረቀ ነው። ቅጠሉን መሃል ለመሃል ብታጥፈው አንዱ ወገን ከሌላው ጋር አይገጥምም። ፍሬው ትንሽ ይሆናል፣ ይጣመማል፣ ታችኛው ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፣ ይመራል። ይሄን ካየህ ግን በዓይን አትፍረድ። ዛፉ ሁለቱም ችግር በአንዴ ሊኖርበት ይችላል። አካባቢህ ላለው የግብርና ባለሙያ አሳይና ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ። በፍራፍሬ ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራው መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ።

ተስፋ_ነኝ

እሺ ይሄ ገብቶኛል። መድኃኒቱስ?

ዳታ_ሰው

የታመመን ዛፍ አድኖ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ተስፋው በሽታውን የሚችል ዘመድ መፈለግ ነው፤ እዚህ ላይ ጂኖም የግድ ይላል።

የሚችሉ ዘመዶች አሉ። አንደኛው ባለ ሦስት ቅጠሉ ፖንሲረስ ነው። ፍሬው አይበላም፤ ግን ብርድም በሽታም ይችላል፤ ከብርቱካን ጋርም ይዳቀላል። ከሥር ተደርጎ ብርቱካን ከላይ ግራፍት የሚደረግበት ከድሮ ጀምሮ ነው። ሁለተኛው የአውስትራሊያው ጣት የሚመስለው ሎሚ ነው። የካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የዚህን ሎሚና ቶሎ የሚታመሙትን ዘመዶቹን ጂኖች ሲያነጻጽሩ ባክቴሪያውን የሚገድል ትንሽ ፕሮቲን አገኙ። በ2021 ነው የታተመው።

ጂን ማረምም ተጀምሯል። ፍሎሪዳ ውስጥ ካንከር የሚባለውን ሌላ በሽታ ለመከላከል በግሬፕፍሩት ላይ ተሞክሯል። የካንከሩ ባክቴሪያ ዛፉ ውስጥ ያለ አንድ ጂን እየቀሰቀሰ ነው የሚጎዳው። ያንን ቦታ ክሪስፐር በሚባለው የዲኤንኤ መቁረጫ ሲቆርጡት ባክቴሪያው መያዣ አጣ። የተስተካከለው የዛፉ የራሱ ጂን ነው። እኔ በበኩሌ እደግፈዋለሁ። ግሪኒንግ ላይ ግን እንዲህ ያለ አንድ ግልጽ ዒላማ የለም።

ተስፋ_ነኝ

እኔ ጂን የተነካ ነገር ልጆቼን ለማብላት አልደፍርም። መዳቀሉ ይሻለኛል፤ ቢዘገይም።

ትርሲት_ነታንያ

ሰላም ወገኖች። እኔ ከእስራኤል ነኝ። በዳስ በዓል ለምንይዘው ትርንጎ ይሄ ሁሉ ወሬ ትልቅ ትርጉም አለው። ሕጉ ከሎሚ ጋር ግራፍት የተደረገ ትርንጎ አይፈቅድም። ስለዚህ «ይሄ ንጹሕ ነው፣ ያ የተቀላቀለ ነው» የሚል ክርክር ለብዙ መቶ ዓመታት ነበር። የየመኖች ትርንጎ አለ፣ የሞሮኮ አለ፣ የጣሊያን ካላብሪያ አለ። መልካቸው አይመሳሰልም። ዲኤንኤው ምን ይላል?

ቅጠልያ

ትርሲት እህቴ፣ ይሄ በደንብ ተጠንቷል። በ2005 የእስራኤልና የጣሊያን ተመራማሪዎች እነዚህን ዓይነቶች በዲኤንኤ ምልክት አነጻጸሩ። መልካቸው ቢለያይም ሁሉም እውነተኛ ትርንጎ ሆነው ተገኙ። የሎሚ ቅልቅል አልታየባቸውም። ግራፍት ማድረግ የላይኛውን ተክል ጂኖም አይቀይርም። ከሥር ያለው ግንድ ውኃና ምግብ ይሰጣል፤ ፍሬው ግን የላይኛው ነው። ይሄ ሃይማኖታዊውን ጥያቄ አይዘጋም፤ እሱ የሊቃውንቱ ነው። የዘር ጥያቄውን ግን ዘግቶታል።

ትርንጎ ሌላም ነገር አለው። አበባው አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈካ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ስለዚህ ከእናትና ከአባት የሚወርሳቸው ሁለቱ የጂኖም ቅጂዎች በጣም ይመሳሰላሉ። በሎሚዎች ውስጥም ሁልጊዜ አባት እንጂ እናት ሆኖ አልተገኘም።

ሮማ_ነኝ

እኔ የምኖረው ጣሊያን ነው። ክረምት ላይ የሲሲሊ ደም ብርቱካን ይመጣል፤ ውስጡ ቀይ የሆነው። አገር ቤት ደጋ ላይ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። እዚያ አይሆንም?

ቅጠልያ

ደም ብርቱካንም ያው ብርቱካን ነው፤ የቅርንጫፍ ለውጥ። በ2012 እንግሊዝ ኖሪች ያለው የጆን ኢነስ ማዕከል ምክንያቱን አገኘ። ሩቢ የሚባል ጂን አለ። በተራው ብርቱካን ፍሬ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ከቦታ ቦታ የሚዘል የዲኤንኤ ቁራጭ አጠገቡ ሲገባ ቀሰቀሰው። ያ ቁራጭ ግን የሚነቃው በብርድ ነው። ለዚህ ነው ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ የሆነው የኤትና ተራራ ግርጌ የተመቸው። የኛ ወይና ደጋ ብርድ ቀለሙን ሊያወጣ ይችላል። ውርጭ ግን ዛፉን ይጎዳል፤ ቦታ መምረጥ ይፈልጋል።

እዚያው ማዕከል በ2019 ደግሞ የኮምጣጣነትን ጂን አገኙ፤ ኖኤሚ ብለው ሰየሙት። ይሄ ጂን ሲበላሽ ፍሬው ኮምጣጣነቱን ያጣል። አበባውና ለጋ ቅጠሉ ላይ ያለው ወይን ጠጅ ቀለምም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፍሬ ሳትጠብቁ አበባውን አይታችሁ መገመት ትችላላችሁ።

አባ_ጓሮ

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? ጓሮዬ ውስጥ ከዘር የበቀሉ ሎሚና ትርንጎ አሉኝ። የጎረቤቶቼም አሉ።

ቅጠልያ

አባባ፣ እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማስነብበው እነዚያን ነው። ኔቭልና ቫሌንሺያን ዓለም አንብቦታል። በየገዳሙና በየጓሮው ለብዙ ትውልድ ከዘር ሲበቅል የኖረው ትርንጎ ግን የኛን አፈርና የኛን ነፍሳት ችሎ የቆየ ነው። ትርንጎ በዘሩ ራሱን እንደማይደግም አይተናል። እያንዳንዱ ዛፍ የራሱ ነገር ሊኖረው ይችላል። ዙሪያው ያሉት ሁሉ ታመው እሱ ብቻ ልምላሜውን የጠበቀ ዛፍ ካያችሁ፣ ቦታውን መዝግቡ፤ ባለቤቱን ጠይቁ፤ ዕድሜውንና ከየት እንደመጣ ጻፉ። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ የሚነበብ ነገር የለም።

ናሙናው ቀላል ነው። ጥቂት ለጋና ጤነኛ ቅጠል፣ እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ውስጥ ማድረቅ ነው። ወደ ውጭ ለመላክ ግን በግል አትነሱ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482 ከ2006 ጀምሮ አለ፤ ፈቃድ የሚሰጠው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ገበሬው የሚያገኘው ጥቅም የሚጠበቀውም በዚሁ ነው።

ሃኪም_ተክል

አንድ ማስጠንቀቂያ። የደረቀ ቅጠል በሽታ አያዛምትም። ለምለም ቅርንጫፍና ችግኝ ግን ያዛምታሉ። «ጥሩ ዛፍ አገኘሁ» ብላችሁ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው አትውሰዱ። ዓይን ላይ ጤነኛ የሚመስል ቅርንጫፍ ባክቴሪያውን ይዞ ሊሆን ይችላል። ብዙ አገር ግሪኒንግ የተጓዘው በነፍሳቷ ክንፍ ብቻ አይደለም፤ በሰው እጅ፣ በችግኝ ነው።

ተስፋ_ነኝ

ሃኪም፣ እንግዲያውስ ከጂኖሙ በፊት ንጹሕ ችግኝ ነው የሚያስፈልገን። እኔ አሁንም ከዚህ አልወርድም።

ሃኪም_ተክል

በዚህ ልክ ነህ፤ ቅደም ተከተሉ እሱ ነው። በመረብ ቤት ውስጥ የሚጠበቁ፣ በዲኤንኤ ተመርምረው ነጻ የሆኑ እናት ዛፎች፤ ከእነሱ ብቻ የሚቆረጥ ቅርንጫፍ፤ እነሱንም በየጊዜው ደግሞ መመርመር። ብራዚል ብዙ ብርቱካን በሚመረትበት በሳኦ ፓውሎ ግዛት የጀመረችው ከዚህ ነው፤ ችግኝ ሁሉ በመረብ ቤት እንዲፈላ በሕግ አስገደደች። የታመመውን ዛፍ መንቀልና ሲሊዷን መቆጣጠር ደግሞ ጎረቤት ገበሬዎች በአንድ ላይ ካልሠሩት አይሆንም፤ የአንዱ ማሳ የሌላው መበከያ ነውና። የአዋሽ ልጅ፣ እዚያ አካባቢ የምታውቃቸው ችግኝ አፍይዎች ካሉ ከዚህ ክር አስገባቸው፤ ቅርንጫፉን ከየት እንደሚያመጡ ከእነሱ እንስማ።